የጃፓር ጭስ

የኤርገሽ ዚል የጭነት መኪና በጋውን በሙሉ የከረመችው በሳሙና ነበር። የነዳጅ ታንኩ በታችኛው ስፌት በኩል ተሰንጥቆ ቤንዚን ጠብ ጠብ ሲል ደረቅ የልብስ ሳሙና ያሽበታል፤ ሳሙናው ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ እሱም እጁን በሱሪው ጠርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ቤንዚን እንደ ውሃ ሳሙና አያሟሟም። ብርዱ ሲገባ ግን ሳሙናው እንደ ደረቀ ጭቃ እየተፈረፈረ ይወድቅ ጀመር። አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍት ሽታው ደጁ ላይ ተቀበለው። ከመኪናዋ ሥር ያለው አመዳይ ቀልጦ መሬቱ ጠቁሯል።

“በቃ፣ ሳሙናም ከዳኝ” አለ ጮክ ብሎ።

የሚሰማው ሰው አልነበረም። ሚስቱ ቡሩል ልጃቸው ስትወልድ አራስ ልትጠብቅ ብላ በበጋው መግቢያ ከተራራው ማዶ ወደ ኦሽ ወርዳ፣ እዚያው ቀርታለች። ባለፈው ሳምንት ስልክ ስትደውል ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነበር የነገረችው።

“በረዶው መንገዱን ሳይዘጋ በራስህ መኪና መጥተህ ውሰደኝ። ስሄድ በሰው መኪና እንደ ጆንያ ተጭኜ ነው። ስመለስ ጆንያ አልሆንም።”

“ካልደረስኩስ?”

“እዚሁ እከርማለኋ! እዚያ ምን አለኝ? ብርዱንስ እችለዋለሁ ኤርገሽ። ያቃተኝ ያ በር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው አንኳኩቶት ያውቃል?”

ኤርገሽ ምክንያቱን ያውቃል። አባታቸው በሞቱ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ጃፓር ለሐዘኑ ድግስ ከጸጉራሞቹ ያኮች አራቱን ሊያርድ ሲነሳ፣ እሱ ለቀስተኛው በተቀመጠበት “አባባ አይበሏቸው፤ ለምን ለልጆቹ አይተርፉም?” ብሎ ነበር። ከተማ ተምሮ የመጣ ሰው ነውና ልክ መሆኑን አልተጠራጠረም። ዛሬም አንዳንድ ቀን ልክ የነበረ ይመስለዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የዚያን ዕለት የጃፓር ፊት ትዝ ይለውና የያዘው ሥራ ከእጁ ይወድቃል። ጃፓር ቃል ሳይመልስ ከብቶቹን አረደ፤ ከዚያ ወዲህ የወንድሙን ደጅ አልረገጠም። እሱ የተወውን ደጅ መንደርተኛውም ቀስ በቀስ ተወው።

ኤርገሽ ቤንዚኑን ወደ ጀሪካን ቀዳ፤ የዛጉትን ብሎኖች እየደበደበ ፈታ፤ ታንኩን አውርዶ ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመው። ስንጥቁ ታንኩን ጠፍሮ የሚይዘው ብረት ሲፈትገው የኖረበት ቦታ ላይ ነው። ለመበየድ የአባቱ የጋዝ መበየጃ አለ። የሚያስፈራው ሌላ ነገር ነው። ቤንዚን ቢቀዳም ትነቱ ታንኩ ውስጥ ይቀራል፤ እሳት ሲነካው ታንኩንም በያጁንም ይዞ ይሄዳል። በውሃ ሞልቶ መበየድ ይቻል ነበር። ግን በዚህ ብርድ ጥግ ላይ የቀረች ጠብታ ተራራው ላይ ቧንቧው ውስጥ በረዶ ትሆንና መኪናዋን ታቆማታለች። የተራራው ሾፌሮች መላ ሌላ ነው፤ የሚሠራ ሞተር ጭስ በቱቦ ወደ ታንኩ ያስገባሉ፤ ጭሱ ትነቱን ጠራርጎ ያወጣዋል።

በመንደሩ የሚሠራ ሞተር ያለው ሌላ የጭነት መኪና አንድ ብቻ ነው።

ጃፓር በየጠዋቱ ኩበት ጭኖ በዚያ በኩል ያልፋል። ኤርገሽ በነጋታው ቱቦውን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። መኪናው ጉልበቱን ሊነካው ሲደርስ ቆመ፤ የጋቢናው መስኮት በግማሽ ወረደ።

“መንገዱንም ልትከለክለኝ አሰብክ?”

“ባይኬ” አለ ኤርገሽ። ወንድሙን ከለቅሶው ወዲህ በታላቅነት ስም ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። “ጭስ ፈልጌ ነው።”

“ምን?”

“የሞተርዎን ጭስ። ታንክ ልበይድ ነው።”

ጃፓር የበረዶ ነጸብራቅ ያጠበባቸውን ዓይኖቹን ጨፈን ገለጥ አደረገ። “ሲጋራ የሚለምነኝ ሞልቷል። ጭስ የለመነኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።” ከዚያ አንገቱን አስግጎ ወደ ግቢው አየ። “ጀሪካን የለህም እንዴ?”

“አለኝ።”

“ከጀሪካኑ በቱቦ እያጠጣህ የራስህን ሞተር አታስነሳም?”

“ይነሳል።”

“ታዲያ?”

ይህን ኤርገሽም ሌሊቱን ሲያወጣና ሲያወርደው አድሯል። ቱቦውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። “ታዲያማ... ምንም” አለ።

ጃፓር አየው። ከዚያ መሪውን አዙሮ ወደ ግቢው ገባ።

ከጋቢናው ግን አልወረደም። ኤርገሽ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ወደ ታንኩ አፍ ዘርግቶ በጨርቅ ጠፈረው። ሞተሩ ያጓራል፤ ነጭ ጭስ በስንጥቁ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች ሆነው ጭሱን ያያሉ። የሞተሩ ድምፅ ግቢውን ሲሞላው ኤርገሽ ቤቱ ምን ያህል ጸጥ ብሎ እንደኖረ ታወቀው።

ስልኩ ጮኸ። ፈንጠር ብሎ አነሳው።

“ተነሳህ ወይስ አልተነሳህም?” አለች ቡሩል። “የምን ሞተር ነው የምሰማው? የእኛው ነው እንዳትለኝ፤ የእኛን አውቃታለሁ፣ ትሳላለች። ይሄ... የጃፓር ነው?”

“አዎ።”

“ግቢያችን ውስጥ?”

“ጭስ እየሰጠኝ ነው።”

“ሻይስ?”

“ከጋቢና አልወረደም።”

“ታዲያ ጋቢናው እግር አውጥቶ ይምጣልህ? ውሰድለት እንጂ! በሰማያዊዋ ጎድጓዳዬ።”

ጨውና ቅቤ የገባበት የወተት ሻይ አፍልቶ በሰማያዊዋ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ወጣ። መስኮቱ ተከፈተ፤ አንድ እጅ ወጥቶ ተቀበለው፤ መስኮቱ ተዘጋ።

ከዚያ ኤርገሽ መበየጃውን ለኮሰ። እሳቱን ወደ ብረቱ ሲያስጠጋ ፊቱን ወደ ጎን መለሰ። ምንም አልሆነም። ስንጥቁ ቀልቶ ቀለጠ፤ ገጠመ። ቀና ሲል ጃፓር መስኮቱን ከፍቶ እያየው ነበር።

“አልፈነዳህም?”

“እስካሁን አልፈነዳሁም።”

“ደግ” አለ ጃፓር። ቱቦው እስኪፈታ ጠብቆ ወጥቶ ሄደ። ጎድጓዳዋ ከመሪው ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር ተቀምጣ አብራው ሄደች።

በማግስቱ ኤርገሽ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳ። ባዶውን መንገድ ይዞ ከቀትር በፊት ተራራው ሥር ደረሰ። የመንገድ ሠራተኞች መንገዱን በብረት ዘግተው እሳት ይሞቃሉ።

“ትናንት ማታ ተዘጋ” አለው አንዱ ሳይነሳ። “ለጸደይ ተመለስ፣ ወንድሜ።”

“ሚስቴ ማዶ ናት።”

“የእኔም እኮ ማዶ ናት። እኔ ግን ደስ ብሎኛል” አለ ሌላው፤ ሳቁ።

ኤርገሽ ከመኪናዋ ሥር ተንበርክኮ የብየዳውን ስፌት ዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። እጁ ደረቅ ሆኖ ወጣ። አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሰም። ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

ለቡሩል ደውሎ ነገራት። “እንግዲህ ለጸደይ” አለች።

ከዚያ በረዶው መንደሩንም ዋጠው። ምድጃውን ያቀጣጥላል፤ ያኮቹን ያበላል፤ ለአንድ ሰው ሻይ ያፈላል። አንድ ጠዋት በሩን ሲገፋ አንድ ነገር ያዘው። ሰማያዊዋ ጎድጓዳ ናት፤ የደረቀ የእርጎ ድብልብል እስከ አፏ ሞልቶባታል። በዚያ አገር ከሰው ቤት የመጣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም። አዲሱ በረዶ ላይ የትልቅ ቦት ጫማ ዱካ መጥቶ ተመልሷል። በሩ ፊት ግን በረዶው ተረጋግጦ ጠፍጥፏል፤ ሰውየው እግሩን እያቀያየረ ቆይቶ ነበር።

“ደጄ ድረስ መጥቶ ነበር” አላት ለቡሩል በስልክ።

“አንኳኳ?”

“አላንኳኳም። ቆሞ ሄደ።”

“እንግዲህ ተራው ያንተ ነው። ጎድጓዳዋን መልሳት፤ ባዶዋን ግን እንዳትወስዳት።”

“ምን አለኝና?”

“ከመደርደሪያው ሥር እኔ ያነጠርኩት ቅቤ አለ። ለመጣሁ ጊዜ ያልኩት ነው። እሱን አድርግበት።”

አደረገበት። ካፖርቱን ለበሰ።

“ልዝጋው?” አላት።

“አትዝጋው። ደረት ኪስህ ውስጥ ክተተው።”

ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ጎድጓዳዋን በሁለት እጁ ይዞ፣ የጃፓርን ዱካ እየረገጠ ወረደ። ውሻው ጮኸ፤ አውቆት ዝም አለ። ከበሩ ሥር ብርሃን ይታያል። ኤርገሽ እዚያ ደርሶ ቆመ፤ አንድ እግሩን አነሳ፣ ሌላውን አነሳ፤ ከጫማው ሥር በረዶው ሲንቋቋ ደረቱ ላይ የሴት ትንፋሽ ይሰማል። የቡሩል ድምፅ ከኪሱ ውስጥ፣ ከተራራው ማዶ፣ ቀጭን ሆኖ መጣ።

“ደረስክ?”

ጎድጓዳዋን በአንድ እጁ ደግፎ አንኳኳ።