የሉኒስ ድርሻ

የእኔ ሥራ መጮህ ነው። ጉባኤው የወሰነውን ከምንጩ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ቆሜ ለመንደሩ አሰማለሁ። የጠፋ ፍየል፣ የሞተ ሰው፣ የውሃ ተራ፣ ሁሉም በእኔ በሐሙ አፍ ያልፋል። ስልክ ከመጣ ወዲህ ወጣቶቹ ጡረታ ውጣ እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም የእናንተ ስልክ ከተራራው ሥር ሲገባ ይጠፋል፣ የእኔ ጉሮሮ ግን መቼ ጠፍቶ ያውቃል እላቸዋለሁ።

በዚያ ክረምት ከጁርጁራ ተራራ የወረደው በረዶ የጉባኤ ቤታችንን ጣሪያ ሰበረው። በረዶው ላይ ብቻ ማላከክ ግን ልክ አይደለም። ግንዱን ነቀዝ ሲበላው እያየን ለከርሞ፣ ለከርሞ ስንል የኖርነው እኛው ነን። ጉባኤ ቤቱ ሽማግሌ የሚፈርድበት ብቻ አይደለም፤ ነርሷ ለክትባት ስትመጣ የምትቀመጠው እዚያ ነው፣ ከባሕር ማዶ በሳጥን የመጣ ሬሳ ከመቀበሩ በፊት የሚያርፈውም እዚያ ነው። ጣሪያው የተደረመሰ ዕለት መንደሩ ሁሉ ራቁቱን የቀረ መሰለኝ፣ እውነቴን ነው።

መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጸሐፊው ቡና ጋበዘን፣ ከንፈሩን መጠጠልን፣ ከዚያ በጀት በሚመጣው ዓመት ሊኖር ይችላል አለን። ላም አለኝ በሰማይ! ቢሆንም አንድ መሐንዲስ ላኩልን። መሐንዲሱ ዙሪያውን ለካና የጣሪያውን ሸክላም እንጨቱንም ጣሉት፣ ጠፍጣፋ ኮንክሪት ይሞላበት፤ ይረክሳል፣ አይነቅዝምም አለ። ሁለት አውቶቡስ ያለው በልቃሰም ሐሳቡን በጣም ወደደው። እህቱን ያገባው ሰው ሲሚንቶ ነጋዴ መሆኑን የማያውቅ ስላልነበረ ፍቅሩ ማንንም አላስገረመም። ሽማግሌዎቹ አያቶቻችን ሸክላ ያለበሱትን ቤት ጋራዥ ልታስመስሉት ነው ወይ ብለው ተነሡ፤ ወይራው እስኪያብብ ድረስ ክርክሩ አልበረደም። በመጨረሻ ሸክላው አሸነፈ። የራሳችንን ዝግባ እንዳንቆርጥ የደን ሰዎች ስለከለከሉን፣ ዋናውን አግዳሚ ግንድ ከታች ከከተማ ልንገዛ፣ ገንዘቡንም ማንንም ሳንለምን ልናዋጣ ወሰንን።

የመዋጮ ሕጋችን አጭር ነው። ዕድሜው የደረሰ ወንድ ሁሉ እኩል ይከፍላል፤ መንደር ያለውም፣ ፓሪስ ያለውም፣ ማርሴይ ያለውም። አብዝቼ ልስጥ ማለት አይቻልም፤ ዛሬ አብዝቶ የሰጠ ሰው ነገ ጣሪያው የእኔ ነው ይላል። በጋራ ሥራ ቀን የቀረ ደግሞ ይቀጣል። መዋጮውን ያልከፈለ እንደሆነ ዓርብ ከስግደት በኋላ ስሙን ከቋጥኙ ላይ እጠራለሁ፣ በቃ። ፖሊስ የለ፣ ፍርድ ቤት የለ። እናቱ ምንጭ ዳር ቆማ፣ ጎረቤት እያያት፣ የልጇ ስም ሲጠራ እንድትሰማ የሚፈልግ ወንድ እስካሁን አላየሁም። በልቃሰምን በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ ጠርቼዋለሁ። ምሳ ሳይቀርብ ከፈለ።

ድርሻው የተደለደለ ዕለት ላስቲክ በወጠርንበት ጉባኤ ቤት ተሰብስበን ነበር። አለቃችን ሞክራን ከመሀል ተቀምጧል፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ቤቶቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ እያንዳንዱም ቤት ስንት ወንድ እንዳለው ይናገራል። የአይት ወአሊ ቤት ላይ ስደርስ «ሉኒስ» አልኩ። ሞክራን እጁን አንሥቶ «እለፈው» አለኝ።

ሉኒስ የሰኩራ አንድ ልጅ ነው። ባሏም ከሞተባት ቆይቷል። ልጁ ከስድስት ዓመት በፊት ከሞክራን ልጅ ከይዲር ጋር በትንሽ ጀልባ ወደ እስፓኝ ተነሣ። ጀልባዋ አልደረሰችም። ይዲርን ባሕሩ መለሰው፤ ሬሳው መጣ፣ ሞክራን በገዛ እጁ አጠበው፣ ቀበርነው። ከሌሎቹ ግን ጫማ እንኳ አልተገኘም። ስለዚህ ሞክራን እለፈው ሲል ሁላችንም ገባን። ከዚህች ምስኪን ምን እንወስዳለን፣ ቁስሏንስ ለምን እንነካለን ብለን ነው። አንዳንዱ ዓይኑን ጠረገ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛም ዝም አልን፣ ደግ ሥራ የሠራንም መሰለን።

ማስታወቅ የእኔ ሥራ ነውና ወደ ቤቷ ሄድኩ። ደስ እያለኝ ነበር የሄድኩት፣ ሰው ምሕረት ይዞ መሄድ መቼም ደስ ይለዋል። ከጓሮዋ የባቄላ እሸት ስትለቅም አገኘኋት።

«ሰኩራ እህቴ፣ ጉባኤው ምሮሻል። ከቤትሽ የሚጠየቅ የለም።»

ቀና አላለችም። «እኔ መቼ ተጠይቄ አውቃለሁ? ሴት መዋጮ አትጠየቅም።»

«ማለቴ… ሉኒስን።»

ያን ጊዜ ቀና አለች። በቀሚሷ ያቀፈችው ባቄላ ሁሉ መሬት ወረደ። «ሐሙ፣ መዋጮ የማይጠየቀው ወንድ የትኛው ነው?»

«ልጅ ነው፣ እብድ ነው…» አልኩና አፌን ያዝኩ።

«ጨርሰው እንጂ።»

ጎንበስ ብዬ ባቄላውን መልቀም ያዝኩ።

«የእኔ ሉኒስ ልጅ አይደለም፤ ጢሙን ከተላጨ ቆይቷል። እብድም አይደለም» አለችኝ። «ሂድና ንገራቸው። ገንዘብ የለኝም፣ ቢኖረኝም የእሱን ዕዳ አልከፍልም፣ ወንድ ነው ራሱ ይክፈል። ድርሻውን ግን ይደልድሉበት። ካልከፈለም እንደ ሰው ልጅ ሁሉ ስሙን ጥራው።»

«ሰኩራ፣ እኔ ስም የምጠራው እኮ ሰውን ለማሳፈር ነው።»

«አሳፍረዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ እናቱን ያልጠየቀ ልጅ ትንሽ ቢያፍር ምን ይሆናል?»

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላወቅሁም። አንጀቴን በላችው። ባቄላውን ለቅሜ ሰጠኋትና ተመለስኩ።

ሞክራን መልእክቱን ስነግረው ተቆጣ። እርሟን ታውጣ አለ። ይዲርን ከቀበርን በኋላ ስንት ጊዜ እቤቷ ሄዶ ለሉኒስም ሰደቃ እናውጣለት ብሎ ለምኗታል፤ ለይዲር መጥታ አልቅሳለች፣ ለራሷ ልጅ ግን አይዞሽ የሚላትን ሰው እንኳ አትቀበልም። ሰው ያልቀበረውን ይዞ ሲኖር ራሱ ይበሰብሳል አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም ሞክራን። ሐዘን ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ከዚያም መውጫው በአንድ በር ብቻ ይመስለዋል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰኩራ ራሷ መጣች። ሴት ጉባኤ ቤት አትገባም፤ እሷም አልገባችም፣ ደፉ ላይ ቆመች። የሚጨቃጨቁት ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ።

«ሞክራን፣ ልጄን ለምን ዘለልከው?»

ሞክራን ከተቀመጠበት ተነሣ። «ሰኩራ፣ በአንድ ጀልባ ነው የሄዱት። የእኔን እኔው ነኝ ያጠብኩት። የሆነውን ታውቂዋለሽ።»

«አንተስ አጥበሃል። መቃብሩም ያውና፣ ዓርብ ዓርብ ትቆምበታለህ። እኔ ማንን ልጠብ? የት ልቁም?»

«ታዲያ ዕድሜሽን ሙሉ በር በር ስታዪ ልትኖሪ ነው?»

«በሩ የእኔ ነው፣ ልየው። ሞቷል ካላችሁ ሬሳውን አምጡልኝ፣ እቀብረዋለሁ። ካላመጣችሁ ግን መዋጮውን ጠይቁት።»

ይህን ብላ ሄደች። እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱ በጫጫታ ተሞላ። ወጣቶቹ ቢጠራ ምን ይጎዳናል አሉ፣ ሽማግሌዎቹ በሙት መቀለድ ነው አሉ። ሞክራን ድምፁን ሳያነሣ እኔ አለቃ እስከሆንኩ ድረስ የሙት ስም ከቋጥኝ ላይ አይጠራም ብሎ ዘጋው። እኔም ዘፋኝ አይደለሁም፣ የወደድኩትን አልጠራም፤ ጉባኤው ያዘዘኝን ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ መጣ ማለት ለእኔ ጭንቅ ሆነ። ሰኩራ እቤቷ ቧንቧ እያላት ጀሪካኗን ይዛ ምንጭ ዳር ትመጣለች። እኔ ያልከፈሉትን እጠራለሁ፣ እሷ ታዳምጣለች። ስጨርስ ጥቂት ትቆምና የረሳሁት ስም ካለ ጊዜ ትሰጠኛለች። ከዚያ ጀሪካኗን አንሥታ ሰላም ሳትለኝ ትሄዳለች። አርባ ዓመት በድምፄ ስኮራ ኖሬ ያን ሰሞን ድምፄን ጠላሁት። ሰዉም ከሳምንት ሳምንት እየከፈለ ስሞቹ አነሱ፣ ከፓሪስም ከማርሴይም ገንዘቡ ገባ፣ በመጨረሻ የሚጠራ ሰው ጠፋ።

የሚጠራ በሌለበት በዚያ ዓርብም መጣች። እኔ ቋጥኙ ላይ ሳልወጣ ከታች ተቀምጬ ነበር። ሴቶቹ ውሃቸውን ቀድተው ሄዱ፣ እሷ ብቻ ቀረች፣ ወደ ባዶው ቋጥኝ እያየች። ሞክራን ከልጁ መቃብር ሲመለስ በዚያ አለፈ። ሰኩራን አያት። ከዘራውን ተደግፎ ብዙ ቆየ፣ እሷ ግን አላየችውም። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ።

ግንዱ የመጣው በበጋው መካከል ነው፣ ባሕር ማዶ ያሉትም ለዕረፍት በገቡበት ሰሞን። መኪናው ከአስፋልቱ ማብቂያ በላይ መውጣት ስለማይችል ከዚያ እስከ ጉባኤ ቤቱ ድረስ ያለውን ዳገት በትከሻችን ልናወጣው ነው። ሴቶቹ የምሳውን ኩስኩስ ይዘው ከላይ ከግንቡ ዳር ቆመዋል፣ ሰኩራም መሀላቸው አለች። ግንዱ ከመነሣቱ በፊት ስም ይጠራል፤ ያለ «አለሁ» ይላል፣ የሌለውን ዘመዱ የት እንዳለ ይናገርለታል፣ የቀረበት ምክንያት ከሌለ አለቃው ቅጣቱን ይናገራል። እየጠራሁ ሄድኩ። ለበልቃሰም ያን ሆድ ይዘህ ከግንዱ ሥር እንዴት ልትገባ ነው ተብሎ ተሳቀ። አይት ወአሊ ጋ ስደርስ እንደ ታዘዝኩት ወደሚቀጥለው ቤት አለፍኩ።

«ዘለልክ» አለኝ ሞክራን።

«የቱን?»

«የቱን እንደሆነ ታውቃለህ። ጥራው።»

ቀና ብዬ አየሁት። አልቀለደም። ስንት ሞትና ስንት ሠርግ የለፈፈ ጉሮሮዬ ያን ጊዜ ያዘኝ፤ «ሉኒስ አይት ወአሊ!» ብዬ የጠራሁት በሁለተኛው ሙከራ ነው።

ማንም አልመለሰም። መልስ የሚሰጥለት ወንድ ዘመድ የለው፤ ከላይ ያሉት ሴቶችም ወደ ሰኩራ ዞሩ። ሞክራን መዳፉን ግንዱ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«የለም፣ ሩቅ ነው» አለ። ከዚያ እንደ አለቃ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ «መዋጮውን አልከፈለም፣ ዛሬም ቀርቷል። ቅጣት አለበት። ሲመጣ ይከፍላል» አለ።

ሲመጣ የሚለውን ቃል ሲያወጣ ፊቱን አየሁት። የገዛ ልጁን ያጠበ ሰው ነው ይህን ያለው፤ ልጁ እንደማይመጣ የሚያውቅ፣ የሉኒስም እንደማይመጣ በልቡ የጨረሰ። አለቀስኩ፣ አልደብቅም። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ከግንዱ ሥር አስገባና ተነሡ አለን።

ጣሪያው ዝናቡ ሳይመጣ አለቀ። ሸክላው ቀይ ነው፣ አያፈስም፣ ማዘጋጃ ቤቱም በጀቱን እስካሁን እየጠበቀ ነው። በልቃሰም አንድ ቀን የሉኒስን ዕዳ ከነቅጣቱ ልክፈልለትና ይዘጋ ብሎ ገንዘቡን ለሞክራን ሊሰጥ ሄዶ ነበር። ሞክራን መለሰለት፤ ባለዕዳው አንተ አይደለህም፣ ባለቤቱ ይምጣና ይክፈል አለው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ቋጥኙ ላይ እወጣና ያንን አንድ ስም እጠራለሁ። ሰኩራ ጀሪካኗን አስቀምጣ ትሰማለች። ስጨርስ ሻሿን እያስተካከለች ወደ ሴቶቹ ትዞራለች።

«ምን ላድርገው ይኼን ልጅ? በሰው ፊት አዋረደኝ እኮ» ትላቸዋለች።

«ተይው እትዬ ሰኩራ» ይሏታል፣ ውሃቸውን እየቀዱ። «ወንድ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው።»