የአያቴ የካሣዬ ሽባ እጅ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ውሸት ካለበት ምላሴን ይቁረጠው። ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ያየሁትን ካላየሁት እለያለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ከወሎ ለሰፈራ በአውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንደ ጆንያ ተደርድረን አሶሳ ወረድን። የአያቴ የካሣዬ ታናሽ ልጅ ይታይሽ የእርዳታ ስንዴ ልትቀበል ወረፋ ላይ ሳለች ነው እኛን የጫኑን፤ እሷ እዚያው ቀረች። ታላቅ ልጁን፣ የእኔን እናት፣ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰዳት፤ ከመንደሩ ዳር ቀበርናት።

መንደራችን ቁጥር እንጂ ስም አልነበራትም። ያለ ይለፍ ወረቀት የወጣውን ሰው ሚሊሻ አስሮ ይመልሰዋል። ይለፍ ደግሞ ለአያቴ የማይታሰብ ነበር፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነዋ! አንድ ቀን የነቀለውን ጉቶ ያየ የትራክተር ሾፌር አፍሮ ቁልፉን ሊያስረክብ ምንም አልቀረው። የመንደሩ ካድሬ፣ አያቴ ልጄን ልፈልግ ባለ ቁጥር፣ "አንተ ከሄድክ ማን ይሠራል?" ይለዋል።

ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ተንኮል እንደ ጉድ ይፈላብኛል። ለሥራ የማይሆኑትን ወደ አገራቸው የሚመልስ ኮሚቴ ሊመጣ ነው ሲባል ሰማሁ።

"አባባ፣ ሽባ ሁን" አልኩት።

"ምን አልክ?"

"ቀኝ እጅህ ትሙት።"

"አንት ቀጣፊ! አምላክ ሰምቶ የእውነት ቢያደርገውስ?"

"ይታይሽን ካገኘህ በኋላ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ።"

ስሟን ስጠራ ቀኝ እጁን አገላብጦ አየ። በማግስቱ እጁ ተንጠለጠለ።

አንድ ወር ሙሉ አላነሳትም። ዝንቦች ሳይቀሩ እዚያ እጅ ላይ ሰፈራ ጀመሩ። ማንጎ የሚሸጥልን የአገሬው ተወላጅ ሐመድ ባየው ቁጥር፣ "ያ ካሣዬ! እጅ ሞተች፣ ሆድ አልሞተም፣ አልሐምዱሊላህ!" እያለ ይስቅበታል።

ኮሚቴው መጣ። ዶክተሩ እጁን በመርፌ ወጋው፤ አያቴ ዐይኑን አላርገበገበም። "ይሄስ አልቋል፤ ይመለስ" ተብሎ ተጻፈ። ልቤ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወሎ ገባ!

ከዚያ ካድሬው እንግዶቹን ወደ እርሻው ወሰዳቸው፤ እኛም ተከተልን። በመኪና የመጡትን በሬዎች ሊያሳያቸው ነው። የጠመዷቸው ግን ሞፈር ነክተው የማያውቁ የከተማ ልጆች ናቸው። ቀንበሩን ከሞፈሩ የሚያስረውን ጠፍር፣ ምራኑን፣ አላልተው አስረውት ቀንበሩ የበሬውን አንገት ይልጠው ጀመር።

የአያቴን ሸሚዝ ጨምድጄ ያዝኩ። "አባባ፣ ተው!"

"አንገቱ ተላጠ እኮ!"

"ይላጥ!"

"አፍህን ያዝ! በሬ እኮ ነው!"

ሸሚዙ ተቀዶ እጄ ላይ ቀረ። አያቴ በሁለት እጁ ምራኑን ፈትቶ አጥብቆ አሰረና እርፉን ጨበጠ። ያወጣው ትልም ባምባሲ ከተማ ድረስ ቢቀጥል አንድ ክንድ አይዛነፍም። ዞር ሲል ሁሉም አፉን ከፍቶ ያየዋል። ያኔ ምን እንዳደረገ ገባው።

የኮሚቴው ሊቀመንበር አጨበጨበ። "ጓድ፣ አብዮቱ እጅህን ፈወሰልህ!" አለና የመመለሻ ወረቀቱን ቀደደ። "በል፣ ምን እንሸልምህ?"

ካድሬው ጣልቃ ገባ። "ወሎ የቀረች ልጅ አለችኝ ይላል።"

"ታዲያ ምን ችግር አለ? ስሟን ንገረን፤ በሚቀጥለው አውሮፕላን ተጭና እዚሁ ትመጣልሃለች።"

አያቴ የእናቴ መቃብር ወዳለበት ወደ መንደሩ ዳር አየ።

"ልጅ የለኝም" አለ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ።

"እንዴ! ስትለምነን አልነበር?"

"ወባ ይዞኝ ቀባዥሬ ይሆናል።"

ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት በእነዚያ በሬዎች አረሰ። እኔን ዳረኝ፤ ልጄን ታቅፎ ስም አወጣላት። ይታይሽን ግን አንድም ቀን ሳያነሳ ሞተ፤ ከእናቴ ጎን ቀበርነው።

አንድ ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ። ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ያልኩት ውሸት ነው። ሁለቴ አፉን ከፍቶ ምንም አልወጣውም፤ በሦስተኛው ነው "ልጅ የለኝም" ያለው።