የማር ማኅበሩ ጓጉንቸር

«የእኛይቱ የታለች?» አሉ አያ ሽባባው በሩ ላይ እንደቆሙ።

ፍቅርአዲስ ከወንበሯ ተነሥታ ጠረጴዛው ሥር የሚያጓራውን ጥቁር ሳጥን፣ ሰርቨሩን፣ አሳየቻቸው።

«እሷማ የሁሉም ናት አላልሽኝም በስልክ? እኔ የምልሽ የዳንግላ ማር ማኅበርን ድረ ገጽ ነው።»

«የእናንተም እዚያው ውስጥ ነው የሚሆነው፣ አያ።»

«ለየብቻ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ለየብቻ ነው። ግን አንድ ላይ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ሰደው አዲስ ጓጉንቸር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በይ፣ ይኸን የት እንደማንጠለጥለው አሳይኝ።»

ፍቅርአዲስ መሳቅ አማራት፤ ድካሙ ግን ሳቁን ከደረቷ ሳያወጣው ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ እዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሰነበተችው። እንጅባራ ያለው ዩኒየን ለአራት ማኅበራት አራት ድረ ገጽ ሊያስመርቅ ነው፤ ምረቃው ሰኞ፣ ሰርቨሩ አንድ፣ ሠራተኛዋ እሷ ብቻ። የጥሊሊንና የእንጅባራን ጨርሳለች። የዳንግላና የአዲስ ቅዳም ቀርተዋል። ነገ እሑድ ደግሞ የአብሮ አደጓ የስሜነሽ ልጅ አዲስ ቅዳም ላይ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትና እናቷ ፍቅርአዲስ ናት። ሰማንያ ቀን የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ነው፤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ካልተገኘች ሕፃኗን ሌላ ሰው ይቀበላታል። የመጨረሻው ሚኒባስ ደግሞ ሳይመሽ ነው የሚወጣው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ውዱ ጠዋት ብቅ ብለው መላውን ነግረዋታል። «ምን ያደክምሻል? የተሠራውን ገልብጪና ስሙን ቀይሪ። ሁሉም ከአንድ ዳታቤዝ ይብላ። ማን ያያል?»

ማንም አያይም ነበር። ልትገለብጥም ወስና ነበር።

«አንድ ቤት ውስጥ እንዳሉ ክፍሎች ያስቡት» አለቻቸው ዐይኗን መሬት ጥላ። «እያንዳንዱ የራሱ በርና የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፉም ብረት አይደለም፣ የይለፍ ቃል ነው።»

«ግድግዳውስ?»

«እ?»

«ግድግዳው እስከ ጣራ ነው ወይስ እስከ ወገብ? አንድ መጋዘን ይበቃችኋል ብላችሁን ማራችንን ከጥሊሊ ድንች ጋር አሳደራችሁት። በርማ ነበረው፤ ቁልፉንም ሦስት ሆነን ነው የያዝነው። ድንቹ በሰበሰና ማሩ ሸተተ። ገዢው ቀምሶ ምን አለን መሰለሽ? ‹ንባችሁ የምትቀስመው የድንች አበባ ነው ወይ?›»

አቶ ውዱ ፍቅርአዲስን ያዘዟት የወገብ ግድግዳ ነበር። አራቱ ከአንድ ዳታቤዝ ከበሉ አንዱ ሲታመም አራቱም ይተኛሉ። የአንዱን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው የአራቱም ጓዳ ይገባል።

ሰዓቷን አየች። «እስከ ጣራ ይሆናል፣ አያ» አለች ቀስ ብላ፤ ተቀመጠችም።

ለዳንግላ አዲስ ፎልደር ከፈተች፤ አዲስ ዳታቤዝ፣ አዲስ የይለፍ ቃል። ፋይሎቹ መጫን ጀመሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ሳጥኑ ጭጭ አለ።

ዞር ስትል የሒሳብ ክፍሏ ወርቅነሽ ሶኬቱ አጠገብ አጎንብሳለች፤ በእጇ የነቀለችውን ገመድ ይዛለች። «ስልኬ ሞቶብኝ እኮ ነው፣ ፍቅሬ። መብራት ያለው እዚህ ብቻ ነው። ትንሽ ብቻ!»

ፍቅርአዲስ ገመዱን ተቀብላ መልሳ ሰካችው። የዳንግላው እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

አያ ሽባባው በአገውኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ። ጓጉንቸሩን ከጠረጴዛው አነሡ፤ በሽቦ ታስሮ የኖረውን በር መረመሩ። «ማንጠልጠያውስ ይኸው! ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብለው ወንበር ስበው መግቢያው ላይ ተቀመጡ። ወርቅነሽ ከውጭ «ዘበኛ ተቀጠረልሽ እንዴ?» ስትል ተሰማች።

ሚኒባሱ ሄደ። የመስኮቱ ብርሃን መደብዘዝ ሲጀምር የዳንግላው ድረ ገጽ ብቻውን ቆመ። አያ ሽባባው የቀፎዎቻቸውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ አይተው «ድንች የለበትም» አሉ።

አቶ ውዱ የመጡት ያኔ ነው። ሽማግሌው ስላልተነሡላቸው በትከሻቸው ላይ አሻግረው ተጣሩ። «ፍቅር! አራቱም አለቁ?»

«የአዲስ ቅዳሙ ቀርቷል። ለሰኞ አይደርስም።»

«የገዛ አገርሽን? ገልብጪው እንጂ!»

ፍቅርአዲስ ጣቶቿን አየች። ወንዝ የምታቋርጥ ይመስል ትንፋሿን ሰበሰበች። «አልገለብጥም» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከሳጥኑ ጉርምርምታ አልበለጠም።

«ምን አለች?»

«አልገለብጥም አለች!» አሉ አያ ሽባባው መጋዘን ውስጥ በሚጣሩበት ድምፃቸው።

አቶ ውዱ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩ። «እንግዲህ ለአዲስ ቅዳም ሰዎች አንቺው ትነግሪያለሽ» ብለው ሄዱ።

«እነግራቸዋለሁ» አለች፣ አቶ ውዱ ከራቁ በኋላ።

አያ ሽባባው በሩን ዘግተው ጓጉንቸሩን ቀረቀሩት፤ አንዱን ቁልፍ ለእሷ ሰጥተው ሌላውን ኪሳቸው ከተቱ። ማር አራግፎ ወደ ዳንግላ የሚመለሰው የማኅበሩ አይሱዙ ውጭ ይጠብቃቸው ነበር። «አዲስ ቅዳም መንገዳችን ነው፤ ግቢ» አሏት። ጋቢናው ሰም ሰም ይሸታል። ፍቅርአዲስ መኪናው ከከተማ ሳይወጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግሥቱ ሕፃኗን ከካህኑ እጅ ተቀበለች። ሰኞ ሦስት ድረ ገጾች ተመረቁ፤ የአዲስ ቅዳም ማኅበር ሰዎች ምሳውን ሳይበሉ ሄዱ። ማክሰኞ ጠዋት ፍቅርአዲስ ጓጉንቸሩን ከፍታ ገባችና የእነሱን ከባዶ ጀመረች።