የቦርጮ ፉጨት

«ይሄን ፉጨት የሚያጠፋልኝ ሰው ይጥፋ?» አለች የሟቹ እህት፣ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ መሬት አስቀምጣ።

ሳሎኑን የሞሉት ለቅሶ ደራሾች እርስ በርስ ተያዩ። እናቷ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው ዘንበል አድርገው ትንሽ አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «የምን ፉጨት ልጄ? ምንም የለም እኮ።» አክስቷም አልሰማሁም አሉ። አጎቷ ደግሞ፣ መቼም እሳቸው ሁሉን ነገር በእንቅልፍ የሚፈቱ ሰው ናቸው፣ «ሁለት ቀን ሙሉ ዓይንሽን አልከደንሽም፤ የሚጮኸው ጆሮሽ ነው» ብለው ደመደሙ።

ወንድሟ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ጋሽዬ ነበር የምትለው፤ የአርባ አንድ ዓመት ሰው፣ ቴሌቪዥን ጠጋኝ። ልቡ ድንገት ቀጥ አለችና ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው የሥራ ክፍሉ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ሬሳው እንደወጣ እናቱ የክፍሉን በር በገዛ እጃቸው ዘግተው ማንም እንዳይገባ አሉ። እሷ የተቀመጠችው ከዚያ ክፍል ግድግዳ ሥር ነው።

ፉጨቱ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ ትንፋሽ አይወስድም። ቢሆንም የሚበላት እሱ አልነበረም። የሚበላት አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰው «እግዜር ያጥናሽ» ባላት ቁጥር በልቧ የምትጠይቀው። ጋሽዬ ተቀይሞኝ ይሆን የሞተው?

ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ያጣላቸው ነገር ደግሞ ቢያወሩት ያሳፍራል፤ ስክሪን ነው።

እሷ የስድስት፣ እሱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ጋሽዬ አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን የድሮ ሞኒተር እየጎተተ አመጣ። ጀርባው ጠረጴዛውን ሞልቶ ግድግዳ የሚገፋ፣ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ ዓይነት ነበር። ጠግኖ አስነሳው፤ ቦርጮ ብላ ስም ያወጣችለት እሷ ናት። በቦርጮ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር፤ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ከጥቁር ሰማይ የሚወርድ ድንጋይ የሚያፈርሱበት። አንዱን እሱ ይነዳል፣ ሁለተኛውን እሷ። እሷ ገና ፊደል መቁጠሯ ስለነበር ጨዋታው ሁለተኛ ተጫዋች ሲጠብቅ የሚያወጣውን የባዕድ ጽሑፍ ማንበብ አቃታትና አለቀሰች። ጋሽዬ ሳምንት ሙሉ ፕሮግራሙን ሲፈታ ሲገጥም ከርሞ ጽሑፉን በራሷ ፊደል ተካላት፤ «ሁለተኛ፣ ነይ» ይላል።

«ጓደኛህ ቢመጣስ? እሱ ወንድ አይደል?» አለችው።

«ለእሱ መች ጻፍኩ?» አላት።

እንዲያ ያለ ወንድም ነበር። እሷ አድጋ ስክሪን ሻጭ ሆነች። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ ጠፍጣፋ ስክሪን አሸክማ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን አስከትላ፣ ስጦታ ይዛለት መጣች። ጋሽዬ ፊቱ በራ። ከቦርጮ ጎን አቆመው፣ ሁለቱን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና ያንኑ ጨዋታ ከፈተ። «በይ እንፍረድ!»

«ፊደሉን እየው፣ ጥርት ብሎ!» አለች እሷ። «ጥጉ አልተንጋደደ፣ አይንቀጠቀጥ፣ ዓይን አያቃጥል።»

«እሱስ ልክ ነሽ። ሰማዩን ግን እይልኝ። የቦርጮ ጥቁር ጨለማ ነው፤ ያንቺው ግራጫ ነው። አውሮፕላኑ ሲሮጥ ደግሞ ጭራ ያበቅላል። ቁልፉን ስጫን ቦርጮ እሺ ይለኛል፤ ያንቺው መጀመሪያ ያስባል።»

ባልደረቦቿ ሳቁ። በቀልድ የተጀመረው ነገር እልህ ሆነ። ስጦታዋን በሰው ፊት ያጣጣለባት መሰላትና ደሟ ፈላ። «ተወኝ እባክህ! አንተ ከሬሳ ጋር ነው የምትኖረው!»

ጋሽዬ የቦርጮን ጀርባ መታ መታ አደረገ። «ሬሳ ያፏጫል እንዴ እቴ? የእኔ ጆሮ አርጅቶ መስማቱን ትቶታል፤ አንቺ ግን ትሰሚዋለሽ። እስቲ ስሚው።» ሊያስቃት ነበር። አልሳቀችም፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። «ሲበቃሽ ነይ» ሲላት ከኋላዋ ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ እናቷን በስልክ «ደህና ነው?» እያለች ትጠይቃለች እንጂ ወደ እሱ አልደወለችም። ዛሬ ነገ ስትል ጊዜው ነጎደ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ከጎረቤት ከእናቷ ጋር የመጣች አንዲት ትንሽ ልጅ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ከደነች። «እማ፣ ግድግዳው ያፏጫል።»

«ዝም በይ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አለቻት እናቷ።

እህትየው ግን ወደ ግድግዳው ዞረች። «ሬሳ ያፏጫል እንዴ እቴ?» ብሏት ነበር። ስንት ዓመት በጠፍጣፋ ስክሪን መሀል ስትውል የረሳችውን ድምፅ አሁን ለየችው። ቦርጮ በርቷል። በዚያ ግርግር ማጥፋት ማን ትዝ ይለዋል? ዕድሜው የገፋ ጆሮ ደግሞ እንዲህ የቀጠነ ድምፅ አይሰማም። ቤት ሙሉ ሰው እንባውን ሲጠርግ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሲያፏጭ ነበር የከረመው።

ተነስታ በሩን ከፈተች። ከኋላዋ አጎቷ፣ «ጎሽ፣ ይሄን ትልቁን ዕቃ እናወጣና እንግዳ ይተኛበታል» ሲሉ ሰማቻቸው። ገባች።

መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። መበየጃው በቦታው፣ የእሱ ወንበር ለሬሳው ማለፊያ ወደ ኋላ እንደተገፋ። ከጎኑ ሌላ ወንበር አለ፤ ዝቅ ያለው፣ የልጅነቷ። ሁለቱ ስክሪኖች ጎን ለጎን በርተው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያሳያሉ። ሁለተኛ፣ ነይ። ወደ ቦርጮ ስትጠጋ የክንዷ ጸጉር ብድግ ብሎ ቆመ፣ ሰው ከአጠገቧ የተነፈሰ ያህል። የድሮ መስታወት ኤሌክትሪክ ነው፤ ታውቀዋለች።

መጀመሪያ የራሷን ስጦታ አጠፋች። ጠፋ፤ ንጹሕ ጥቁር ሆነ፤ ምንም አልቀረበትም።

ከዚያ ቦርጮን። ፉጨቱ ቀጥ አለ። ጽሑፉ ግን አልሄደም።

ብርሃኑ በጠፋው ግራጫ መስታወት ላይ፣ ሁለተኛ፣ ነይ ይላል። ይደበዝዛል ብላ ጠበቀች። አልደበዘዘም። በእጅጌዋ ጠረገችው፤ አልለቀቀም፤ ከውስጥ ነው። እጅጌዋ መስታወቱ ላይ እንዳለ፣ በየቀኑ ለደንበኞቿ የምትለው ነገር ትዝ አላት። «አሮጌዎቹ እኮ አንድ ምስል ቆሞባቸው ከኖረ መስታወታቸው ይቃጠላል።» እንደ ጉድለት ነበር የምትቆጥረው። እንዲህ ለመቃጠል ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅም አሳምራ ታውቃለች። አንድ ሳምንት አይበቃውም፤ አንድ ወርም። በየቀኑ፣ ለሰዓታት፣ ለዓመታት ነው።

«ውይ ጋሽዬ!» አለች። «ውይ የኔ ጌታ!»

አጎቷ በሩ ላይ ደረሱ። «እናንሳው እንዴ?»

«አይነካም፣ አጎቴ። እዚሁ ነው የሚኖረው።»

መልሳ አበራችው። ከሳሎን የትንሿ ልጅ ድምፅ፣ «እማ፣ እንደገና አፏጨ!» ሲል ተሰማ። እሷ የጋሽዬን ወንበር ወደ ጠረጴዛው መልሳ አስጠጋች። ራሷ ዝቅ ባለው ላይ ተቀመጠችና የሁለተኛውን ቁልፍ ተጫነች።

ጽሑፉ ከጨዋታው ላይ ጠፋ። ሁለቱ አውሮፕላኖች ጎን ለጎን ብቅ አሉ፤ የእሱ ባለበት ቆሞ ቀረ። ከጥቁሩ ሰማይ ድንጋዩ መውረድ ሲጀምር የራሷን ቀስ አድርጋ ነዳችና ከእሱ ፊት አቆመችው።