የአብራሪው ወንበር ወረፋ

ጋሼ ግዛቸው ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። እኔ ከምሠራበት የቀበሌ ሱቅ አጠገብ ያለችውን ክፍል የአየርና የጠፈር ሙዚየም ብለው ከከፈቷት ሦስት ዓመት ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ግድግዳዋ ላይ ከጋዜጣ የተቆረጡ የጠፈርተኞች ፎቶዎች ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው አንድ የተጣመመ ፕሮፔለር ተጨመረ። በሦስተኛው፣ በ1973 ዓ.ም.፣ የመንግሥት እርሻ ከጣለው የተባይ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን የአብራሪው ክፍል ከነወንበሩ በጭነት መኪና መጣ። በሩን አስፍተው አስገቡት።

እውነቱን ልናገር፣ ክፍሏን ለስኳር መጋዘንነት ቋምጬላት ነበር። ሱቄ ጠባብ ስለሆነ አይጥ ከሕዝቡ ቀድሞ ኮታውን ይወስዳል። ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ ደረሰ ደጋግሜ አመለከትኩ።

«ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ፤ ሰው ከሌለበት ክፍሉ ያንቺ ነው» አሉኝ።

ጋሼ ግዛቸው ይህን ሲሰሙ የጎብኚዎች መዝገባቸውን አውጥተው ፊርማ ቆጠሩ። በሦስት ዓመት አርባ አንድ ፊርማ አለበት፤ ዘጠኙ የራሳቸው ነው።

እኔ ክፉዋ ደግሞ የስኳር እደላውን ሆን ብዬ ለቅዳሜ አደረግኩት። የአዋሳ ሰው ስኳር ትቶ ብረት ሊያይ አይሄድም ብዬ ነው። ግን አንድ ነገር ረሳሁ። የእኛ ሰው ወረፋ የሚይዘው በድንጋይ ነው። በማለዳ ድንጋዩን አስቀምጦ ዞር ይላል። የዚያን ዕለት ደግሞ ካፊያ ነበር፤ ሁሉም ሙዚየሙ ውስጥ ተጠለለ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁን ከፍቼ «ስኳር!» ብዬ ጮህኩ። ከፊቴ ድንጋይ ብቻ ተሰልፏል። ማንም አልመጣም። ልሳደብ ሙዚየሙ ገባሁ።

ወይዘሮ ብርቅዬ ነጠላቸውን አጣፍተው የአብራሪው ወንበር ላይ ጉብ ብለዋል። ጋሼ ግዛቸው ፕሮፔለሩን በእጃቸው እያዞሩ በአፋቸው ሞተር ያስነሳሉ።

«የት ላድርስዎት?»

«ሻሸመኔ፣ እህቴ ጋ!»

ቀጥሎ ነጋዴው ኑሪ ወደ ቡታጅራ በረረ። ለወንበሩም እዚያው ወለሉ ላይ ድንጋይ ደርድረዋል።

«ካሰች፣ አንቺስ?» አሉኝ ጋሼ፣ ምንም ቂም ሳይዙብኝ።

አፈርኩ። ሰዉ ግን ገፋፍቶ አስቀመጠኝ።

«ዱራሜ፣ እናቴ ጋ» አልኩ። አራት ዓመት አላየኋትም። ሞተሩ ሲነሳ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ዓይኔን ስገልጥ ጓድ ደረሰ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እህሳ፣ ክፍሉን ትፈልጊዋለሽ?»

«ስኳሩ እዚያው ተጨናንቆ ይደር፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ጋሼ ግዛቸው መዝገቡን ዘረጉላቸው። ጓድ ደረሰ ፈረሙና ወደ ወንበሩ አዩ። ከዚያ ወጡ፤ ካፊያው ውስጥ ጎንበስ ብለው ድንጋይ ሲመርጡ አየኋቸው።