ካቻቢቴ አይቲ ክፍል ሲገባ

የደረት ኪሱ ላይ ካቻቢቴ ሳይሰካ ከቤት ወጥቶ ስለማያውቅ፣ ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ካቻቢቴ» ይለዋል። ክት ልብሱን ለብሶ ድግስ ሲጠራ እንኳ ያቺ ቀይ እጀታ ከኪሱ ብቅ ብላ እንግዳውን ትገላምጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የልብስ ፋብሪካ መኪና ጠጋኝ ነበር። ሁለት መቶ አርባ የስፌት መኪና በድምፅ ለይቶ ያውቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እሱ ራሱ ሦስት መቶ ነው የሚለው።

ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋና ካቻቢቴ በአርባ ሁለት ዓመቱ ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ጠጋኝ ደግሞ አያድርስ ነው። የሚስቱን የጸጉር ማድረቂያ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጠመው። ምንም ያልሆነውን የጓዳ በር እጀታ «ላጠባብቀው» ብሎ ሴት ልጁን ጓዳ ውስጥ ቆለፈባት። ጸጉር ሠሪዋ ሚስቱ እስከ አራተኛው ሳምንት ቻለችው፤ ከዚያ በላይ አልሆነላትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ሌላ ቤት ልፈልግ!»

«ፈልጌ አጣሁ እኮ! የቀሩት ፋብሪካዎች ሁሉ ያስገቡት አዲስ መኪና ነው፣ ኮምፒውተር ያለው። እኔን ምን ያደርጉኛል?»

«ታዲያ ኮምፒውተሩን ተማራ!»

ይህን ያለችው ለመገላገል ያህል ነበር። እሱ ግን በማግስቱ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ማሠልጠኛ ሄዶ ተመዘገበ። ስምንት ወር የሚፈጅ የኮምፒውተር ጥገናና የኔትወርክ ትምህርት። ክፍሉ ውስጥ ከአስተማሪው በስተቀር ጢም ያለው እሱ ብቻ ነበር። ኧረ አስተማሪውም ጢም አልነበረውም።

ሰፈሩ ወሬውን ሲሰማ አልማረውም። ባለሱቁ «ካቻቢቴ፣ ኮምፒውተርም በክር ነው እንዴ የሚሠራው?» እያለ በየማለዳው ሰላም ሳይል ይለክፈዋል። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፋል። ማታ ከእራት በፊት ልጁ ደብተሩን ይዛ ታፋጥጠዋለች።

«አባዬ፣ ኮምፒውተሩ በርቶ ስክሪኑ ጨለማ ቢሆን መጀመሪያ ምን ታያለህ?»

«ገመዱን።»

«ቀጥሎስ?»

«የሌላኛውን ጫፍ ገመድ።»

«ቀጥሎስ?»

«እናትሽ ነቅላው እንደሆነ እጠይቃለሁ።»

እንዲህ እየሳቁ ስምንት ወሩ አለቀና ጥሩ ውጤት አመጣ። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ማስታወቂያ ሁሉ ልምድ ይጠይቃል፤ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አንዱማ አምስት ዓመት። «ሁሉም ልምድ ያለው ከፈለገ የመጀመሪያው ሰው ከየት ተገኘ?» ብሎ ሲያማርር ሚስቱ «እሱንም ጠይቃቸው» ትለዋለች። ሃያ ስድስት ቦታ አመለከተ። ከሁለቱ «እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣለት፤ የቀሩት እሱንም አልሰጡትም።

በሃያ ሰባተኛው አንድ ሆስፒታል ጠራው። የአይቲ ክፍሉ ኃላፊ ዕድሜው ሠላሳ የማይሞላ፣ ቁጡ ሳይሆን የቸኮለ ሰው ነበር። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ በዚህ ሥራ ልምድ የለዎትም፣ ዕድሜዎም ሄዷል። ግን ሰው አጥሮኛል። አንድ ወር ልሞክርዎት፤ ካልሆነ በሰላም እንለያያለን» አለው።

ካቻቢቴ ወደ ቤቱ ሲመለስ እግሩ መሬት አልነካም። አንድ ወር! አንድ ወር ከሰጡት የቀረውን በእጁ እንደሚያስመሰክር እርግጠኛ ነበር።

እጁ ግን በሁለተኛው ቀን ጉድ ሠራው። ከመድኃኒት ቤቱ አንድ ፕሪንተር «ወረቀት ይይዛል» ተብሎ መጣ። ካቻቢቴ ፈታው፣ ጠረገው፣ የታሰረውን ቁራጭ ወረቀት አወጣ፣ መልሶ ገጠመው። እስከዚህ ድረስ አንደኛ ነበር። ነገር ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም መኪና ዘይት ሳይቀባ ከድኖ አያውቅም። ሳያስበው ትንሿን የዘይት ጠርሙስ ከቦርሳው አወጣና የፕሪንተሩን ወረቀት ሳቢ ጎማዎች ጠብ ጠብ አደረገላቸው። ሲሽከረከሩ ድምፃቸው ሐር ሆነ፤ ደስ አለው።

ከሰዓት በኋላ ከመድኃኒት ቤቱ የሚወጣው ወረቀት ሁሉ ጥብስ የተጠቀለለበት ይመስል ጀመር። በሽተኛው የመድኃኒት ማዘዣውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ በመሐሉ አሳልፎ መስኮቱ ይታየዋል። የፕሪንተሩ ጎማዎች መለወጥ ነበረባቸው።

ኃላፊው አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። ግንባሩን ይዞ «ጋሼ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ወሩን አልጠብቅም» አለ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላው ባለሙያ፣ ባለመነጽሩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ጋሽ ዘይት» ይለው ጀመር። ካቻቢቴ የዘይት ጠርሙሱን ቤት ወስዶ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። ለሚስቱም አልነገራትም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል የሰጡት ሥራ ገመድ መሸከምና አቧራ ማራገፍ ብቻ ነበር። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶት በእጁ ያስመሰከረው አንድም ነገር አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። ባለመነጽሩ አነሣና ወዲያው ፊቱ ጭፍግግ አለ። ዘግቶ ወደ ካቻቢቴ ዞረ።

«ጋሽ ዘይት፣ ዕድልዎ ነው። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ።»

«ምን ሆኑ?»

«ላፕቶፗ ይተኛል። በሥራ መሐል ድርግም! ስምንት ወር ሙሉ። አምጥተን ሦስት ቀን አየነው፣ ምንም የለበትም። ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫንን፤ ተኛ። ላፕቶፑን በሌላ ቀየርንላት፤ እሱም ተኛ! ሴትዮዋ ናት አስተኚዋ። ይሂዱና እሹሩሩ ይበሏት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ካቻቢቴ ይስቅ ነበር። አሁን ግን የተጣለለት የማይሠራ ሥራ መሆኑ ገባው። ካልሠራው «አላልንም?» ሊሉት ነው። ቦርሳውን አነገተና ሄደ።

የካርድ ክፍሏ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ የሚፈሯቸው ሴት ናቸው። መስኮታቸው ሥር ወረፋው እስከ ደረጃው ደርሷል። ካቻቢቴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ደግሞ አንተን ላኩ? ወጣቶቹ ‹እማማ፣ ቁልፉን ቀስ ብለው ይጫኑ› እያሉ ሲያላግጡብኝ ከረሙ። አንተስ ምን ልትለኝ ነው? በል ውሰደውና ልረፍ።»

«አልወስደውም፣ እትዬ። ይሥሩልኝ።»

«ምን?»

«እንደ ሁልጊዜዎ ይሥሩ። እኔ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

«ጉድ ፈላ! እኔ ልሠራ፣ አንተ ሲኒማ ልታይ?»

ፋብሪካ ውስጥ ሕጉ እንዲህ ነበር፦ ሰፊዋ አንድ ክንድ ጨርቅ በፊቱ ሳትሰፋ ጠጋኝ መኪናውን አይነካም። ግማሹ ብልሽት መኪናው ውስጥ አይገኝም። ወንበሩ አጭር ይሆናል፣ ክሩ በተሳሳተ መንገድ ይመጣል፣ ጉልበቷ የማይነካ ነገር ይነካል። ብቻውን የተወሰደ መኪና ምንም አይናገርም። ይህን ለሴትዮዋ አስረዳቸው። ስምንት ወር ሙሉ «እስቲ ሲሠሩ ልይዎት» ያላቸው ሰው አልነበረም።

«በል ወንበር ሳብ» አሉት።

ሳበ። እሳቸው ይጽፋሉ፣ ካርድ ይጠራሉ፣ ወረፋውን ይገሥጻሉ። አሥር ደቂቃ ምንም የለም። ካቻቢቴ ስክሪኑን ትቶ እጃቸውን ማየት ጀመረ። በሁለት እጅ ሲጽፉ ላፕቶፑ ደህና ነው። ከዚያ አንድ ወፍራም ፋይል መጣ። ግራ እጃቸውን ከኪቦርዱ በታች፣ በግራው ጠርዝ በኩል አሳረፉና በቀኛቸው ገጽ መግለጥ ጀመሩ። ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ይኸውልህ! አየኸው?»

«አየሁት። ይድገሙልኝ፣ እናቴ።»

ደገሙ። ተኛ። ሦስተኛም ተኛ። ካቻቢቴ የሚያየው ያቺን ግራ እጅ ብቻ ሆነ። አንጓዋ ላይ ወፍራም አምባር አለ፣ የመዳብ ቀለም ያለው፣ ሁለት ጫፎቹ እንደ ጉብጉብ ያሉ።

«እትዬ፣ ይቺ አምባር ምንድን ናት?»

«ለእጄ ሕመም ነው። ልጄ ናት የላከችልኝ። ማግኔት አለበት፣ ቁርጥማት ያስታግሳል ብላኛለች።»

«መቼ ነው ያደረጉት?»

ሴትዮዋ ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩና ድንገት ቆሙ። «ስምንት... ስምንት ወር አይሆነውም?»

ካቻቢቴ ከቦርሳው ውስጥ በክር የታሰረች ማግኔት አወጣ። ፋብሪካ ውስጥ መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ተለቅሞ ሳያልቅ ሥራ አይቀጥልም፤ አንዲት ቅንጣት የሕፃን ልብስ ውስጥ ትገባለችና። በዚህች ማግኔት ስንት መርፌ ከወለል ላይ ለቅሟል። «አምባሩን ያውልቁልኝና እጅዎን እዚያው ያሳርፉ» አለ። አሳረፉ። ላፕቶፑ ዓይኑን አልጨፈነም። ከዚያ ማግኔቷን በክሯ አንጠልጥሎ ወደዚያው ጠርዝ ቀስ ብሎ አወረዳት። ስክሪኑ ጨለመ። ከፍ አደረጋትና ቁልፉን ነካ፣ በራ። አወረዳት፣ ጨለመ።

«ላፕቶፕ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው ክዳኑ ውስጥ ባለች ትንሽ ማግኔት ነው፣ እትዬ። ማግኔቷን የሚለይ ነገር እዚህ ጠርዝ ሥር አለ፤ አምባርዎ ሲጠጋው ላፕቶፑ ‹ተዘጋሁ› ብሎ ይተኛል። አዲሱም ያው ዓይነት ስለሆነ ያው ነው። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእሱም አይደለም።»

ሴትዮዋ ስልኩን አንሥተው «የአይቲ ኃላፊ፣ አሁኑኑ ና። ባለመነጽሩንም ይዘኸው ና!» አሉ።

መጡ። ከዶክተሮቹም ሁለቱ ወሬ ሸቷቸው መጡ። ካቻቢቴ ማግኔቷን አወረደ፣ ከፍ አደረገ፣ አወረደ። ወረፋው ላይ የነበረ አንድ ሽማግሌ «ድገመው እስቲ!» አለ።

ባለመነጽሩ ቀይ ሆነ። «እኛ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ ሞክረነው ነበር፤ አንድም ጊዜ አልተኛም!»

«አንተ አምባር የለህማ» አሉት ሴትዮዋ። «እማማ ቁልፉን ቀስ ብለው፣ አላልክም? በል አሁን ቀስ ብለህ ሂድ።»

ወረፋው ሳቀ። ባለመነጽሩም፣ ክፉ ሰው አይደለምና፣ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዘይት» የሚለውን አስቀርቶ «ጋሼ» ብቻ ቀረለት። አምባሩ ወደ ቀኝ እጅ ተዛወረ፤ ወረፋውም ከደረጃው ላይ ወረደ።

ዐርብ ዕለት ኃላፊው ካቻቢቴን ቢሮው ጠራው። ጠረጴዛው ላይ የቅጥር ውል ተዘርግቷል። ካቻቢቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ እስክሪብቶውን ተቀበለ፣ ጎንበስ አለ፣ ግን አልፈረመም።

«ምነው ጋሼ፣ የጎደለ ነገር አለ?»

«አለ። ይቺ ላይ» አለና ጣቱን አኖረ። «‹የቀድሞ ልምድ› ይላል። ‹የለም› ብለሃል።»

«እንግዲህ በአይቲ ማለቴ ነው...»

«የካርድ ክፍሉን ላፕቶፕ በምን አወቅኩት ታዲያ? ማሠልጠኛው ስለ ክዳኑ ማግኔት አስተምሮኛል፣ አልክድም። እናንተም ተምራችሁታል። ቁጭ ብሎ የሰው እጅ ማየት ግን እዚያ አልተማርኩም።» ድምፁ አልጎላም፤ ጀርባው ግን ቀና ብሏል። «ባዶ ተወው ብትለኝ እተወዋለሁ። ‹የለም› ከሚለው ሥር ግን ስሜን አላኖርም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተኝቼ አልነበረም።»

ይህን ሲል ሥራው ሊያመልጠው እንደሚችል ያውቃል። ሃያ ሰባት ማመልከቻ፣ ስምንት ወር ትምህርት፣ ሁሉም አንድ ፊርማ ሥር ነው። እስክሪብቶውን ግን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

ኃላፊው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ «የለም» የምትለዋን በአንድ መስመር ሰረዛት፤ በላይዋ ላይ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ የስፌት መኪና ጥገና» ብሎ ጻፈ፤ ስርዙንም በአጭር ፊርማው አጸናው።

«አሁንስ?»

«አሁን እሺ» አለ ካቻቢቴ። ፈረመ፤ የስሙን የመጨረሻ ፊደል ጭራ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ጎተታት።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣ ለሚስቱ ደወለ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ማድረቂያው ሁሉ ይጮኻል።

«ምንድን ነው? ሰው ይዣለሁ!»

«ቀጠሩኝ» አላት።

ማድረቂያዎቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ ተሰማው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ምን አልክ?»

«ቋሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ልምዴንም ጻፉልኝ።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ ላድርገው» አለች። «ደንበኞቼ ይስሙ። ባለሱቁም በር ላይ ቆሟል። በል አሁን በደንብ ድገመው፣ ምን ሆነህ ተቀጠርክ?»

ካቻቢቴ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየ። ነርሶች ያልፋሉ፣ አንድ አልጋ እየተገፋ ይመጣል፣ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ በበራቸው በኩል አንገታቸውን አውጥተዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያፍር ነበር።

«የኮምፒውተርና የኔትወርክ ጥገና ባለሙያ!» አለ፣ ኮሪደሩ ሙሉ እስኪሰማው።