ናራ ምን አለህ?

መርካቶ ውስጥ "ዝም ብዬ ነው" የሚባል ነገር የለም። ዝም ብለህ ብትቆም ተሸካሚ ገፍቶህ ያልፋል፣ ዝም ብለህ ዕቃ ብታይ "ስንት ልስጥህ?" ትባላለህ፣ ዝም ብለህ ብትስቅ "ይሄ ሰውዬ ምን አግኝቶ ነው?" ይሉሃል። ይህን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ጢሜ የበቀለው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው፤ የሸበተውም እዚያው ነው። ታዲያ ምን ነክቶኝ "አንድ ቀን ልጎብኝ" ብዬ አፌን እንደከፈትኩ እስካሁን ይገርመኛል።

እኔና ጠሀ ሽርካ ነን። ያገለገለ የጃፓን ሞተርና ካምቢዮ ከኦሳካ እያመጣን እንሸጣለን። አንዱን ዙር እሱ ይሄዳል፣ ቀጣዩን እኔ። የተጻፈ ውል የለንም፤ ያለን አንድ ደንብ ብቻ ነው። የሄደው ሲመለስ ሱቁን ዘግተን፣ ከኋላ ጎማ ላይ ቁጭ ብለን፣ እያንዳንዷን ቀን ከሱብሂ ሶላት እስከ ኢሻ ይተርካታል። ማንን አገኘ፣ ምን በላ፣ የት ተኛ፣ ምንም አይቀርም። አባቶቻችንም ከስልጤ ወጥተው ጨርቅ ሲነግዱ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ከሽርካህ የምትደብቀው ቀን ካለህ ሽርካ አይደለህም፣ አለቀ።

ሚሊኒየሙ ባለፈ በዓመቱ ተራው የእኔ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ ናኢማ ራት ላይ "አባ፣ ግን ጃፓን ምን ይመስላል?" አለችኝ። ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! አፌን ከፈትኩና የማወራው አጣሁ። መጋዘን አውቃለሁ። ሞተር አውቃለሁ። ዘይት የጠጣ ወለል አውቃለሁ። "ንጹህ ነው" አልኳት። እሷ ከት ብላ ሳቀች፤ እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። ሰው እንዴት ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ ምንም ሳያይ ይመለሳል? አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

በነጋታው ኢንተርኔት ቤት ወሰደችኝ። ገጹ እስኪከፈት ሻያችንን ጠጥተን ጨረስን። ናራ የሚባል ከተማ አገኘችልኝ፤ ከኦሳካ በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ፣ በጥንት ዘመን የጃፓን ዋና ከተማ የነበረ። ከእንጨት የተሠራ ግዙፍ ቤተ መቅደስ አለው። መናፈሻው ውስጥ ደግሞ አጋዘኖች እንደ ልባቸው ይንጎራደዳሉ። የሚያርዳቸው የለም፣ የሚያባርራቸው የለም፣ ብስኩት ስታሳያቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ይነሳሉ። "እጅ ይነሳሉ?!" ብዬ ስጮህ የኢንተርኔት ቤቱ ሰው ሁሉ ዞረ። ናኢማ ቀኑን ከፋፍላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ጠዋት መናፈሻው፣ ከዚያ ሙዚየሙ፣ ከሰዓት ቤተ መቅደሱ፣ አመሻሽ ላይ ባቡር። እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ሱቅ ገባሁ።

"ጠሀ፣ ዘንድሮ አንድ ቀን ጨምሬ ናራ ልሄድ ነው" አልኩት።

ጠሀ ካርቡራቶር እየጠረገ ነበር። እጁ ቆመ።

"ናራ ምን አለህ?"

"ምንም የለኝም። ላየው ነው።"

"ምን ልታይ?"

"አጋዘን።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጨርቁን አነሳና የጠረገውን ካርቡራቶር እንደገና መጥረግ ጀመረ። "አጋዘን" አለ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ።

ጎረቤታችን ፉርቃን ጆሮው ግድግዳ አያግደውም። ከዙሁር ሶላት በፊት ሻይ ይዞ መጣ፤ ፉርቃን በሕይወቱ ለሰው ሻይ ገዝቶ አያውቅም። "ባህሩ፣ እኛ እኮ ወንድማማች ነን" አለኝ። "ናራ ያለው ሰውዬ ሞተር ነው የሚሸጠው ወይስ ጎማ?"

"የምን ሰውዬ? አጋዘን ለማየት ነው የምሄደው እልሃለሁ!"

"እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ" ብሎ ጠቀሰኝ። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ሳይደርስ ተራው በሙሉ ባህረዲን በግማሽ ዋጋ ካምቢዮ የሚሸጥ ቻይና መሰል ጃፓን አገኘ ተባለ። አንድ ደንበኛዬማ "የናራው ዕቃ ሲገባ ለእኔ አስቀርልኝ" ብሎ ቀብድ ሊያስጨብጠኝ ታገለ። ጉድ እኮ ነው!

ቤት ስገባ ሰዓደት፣ ባለቤቴ፣ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወሬው በሚኒባስ ቀድሞኝ ደርሷል።

"ሴት ናት?"

"የምን ሴት ነው የምትይው?"

"ሶደሬ ውሰደን ስንልህ 'ውሃ ቤት ውስጥ አለላችሁ' ያልክ ሰውዬ! ላንጋኖ ስንልህ 'ሐይቅ ምን ይሠራል' ያልክ ሰውዬ! ዛሬ ተነስቶ አጋዘን ናፈቀው? ደግሞ ጣዖት ቤት ደጃፍ። አስተግፊሩላህ በል።"

ያልኩትን ሁሉ ብያለሁ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የጠሀን ነው። ጠሀ ዝም ብሎ አልቀረም፤ በየቀኑ አዲስ ምክንያት ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን "ወጪ ነው" ይላል። በሌላው "ጣዖት ያለበት አገር ነው፣ ኢማንህን ጠብቅ" ይላል፤ ኦሳካ የኢማም አገር ይመስል! ቀጥሎ "ቪዛህ እዚያ ድረስ አይፈቅድም" አለ። እሱም አልሠራ ሲለው "አጋዘን በሽታ አለው አሉ" አለኝ። ያኔ ደነገጥኩ። ይሄ ሰው ናራን ለምንድን ነው እንዲህ የሚፈራው? ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። ሌባ እናትም ልጇን አታምንም ይባላል። እዚያ ከተማ የራሱ ሰው ቢኖረውስ? እኔ ሳላውቅ ለብቻው የሚገዛበት ቦታ ቢኖረውስ? ሶላት ቆሜ እንኳ ናራ ነው የሚመጣብኝ። ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ፣ ልጆቼ "አባ ጠሀ" የሚሉት ሰው እኮ ነው። ሱቁን ከአንድ የተሰበረ ራዲያተር ተነስተን ነው ያቆምነው። ያንን ሁሉ ላጣ ነው?

አንድ ጠዋት የናኢማን ወረቀት ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ሳይ ጠሀ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበው።

"ይሄማ የተገላቢጦሽ ነው" አለ። "ቤተ መቅደሱ በጠዋት ነው የሚታየው። ከሰዓት ተማሪ በአውቶቡስ ይጎርፍበታል፣ መቆሚያ የለህም። ብስኩቱን ደግሞ ገና እንደገዛህ ጃኬትህ ውስጥ ደብቀው፤ ካዩብህ ከኋላ ሱሪህን እየነከሱ ነው የሚጎትቱህ። ቀንዱን የቆረጡለትን አትፍራ፣ እሱ..."

እዚህ ላይ አፉን ያዘ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

"አንተ ይህን እንዴት አወቅህ?" አልኩት።

"ቴሌቪዥን ላይ..."

"ሱሪህን የነከሱህ ቴሌቪዥን ላይ ነው?"

ጎማው ላይ ቁጭ አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። "አምና አሞኝ ሆቴል ተኝቼ ዋልኩ ያልኩህ ቀን" አለ፣ "አላመመኝም። ናራ ነበርኩ።"

ደሜ ፈላ። "ለዚያ ትኩሳት እኮ በግ አርጃለሁ! ሰደቃ ብዬ የቁርአን ቤት ደረሳ ሰብስቤ አብልቻለሁ! ምን ልትሠራ ሄድክ?"

"ላየው።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

"ማንን አገኘህ?"

"ማንንም። ወላሂ ባህሩ።"

ወላሂ! ሶማሌ ተራ ውስጥ ወላሂ በቀን ስንቴ ነው የሚባለው? "ወላሂ በመጣበት ነው የሰጠሁህ" ስንል የምንውል ሰዎች ነን እኮ። እሱም ይህን ስለሚያውቅ መማሉን ተወው። አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለኝ፤ "ሣር ላይ ተቀምጬ ነበር። አንዷ መጣችና ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ብስኩቴ አልቆ ነበር፣ ባህሩ። እጄ ባዶ ነው። ዝም ብላ ነው የመጣችው። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ምንም ሳይፈልግብኝ አጠገቤ የተቀመጠ ፍጡር አላስታውስም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።"

"ለምን ደበቅከኝ ታዲያ?"

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?"

"አሁንስ መች አመንኩህ!" አልኩት። "እሺ፣ እኔንስ ለምን ከለከልከኝ?"

"ሄደህ መጥተህ ስትተርክልኝ አፌ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ" አለ። "ይኸው ሳትሄድም አመለጠኝ።"

ሰው ለአጋዘን ሲል ሽርካውን ይዋሻል? አላመንኩትም። ማንስ ያምናል? ከሱቁ ወጥቼ በቀጥታ ሸማ ተራ፣ ሀጂ አብደላ ጋ ሄድኩ። ሀጂ አብደላ ጋቢ ነጋዴ ናቸው፤ የሁለታችንንም አባት ያውቃሉ፣ በተራው የተጣላ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚዳኘው። "ሀጂ፣ እኔና ጠሀን ያለያዩን" አልኳቸው። እሳቸው ደንግጠው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ቀጠሩን።

በቀጠሮው ሀጂ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ጋቢ ክምር መሀል ተቀምጠው ጠበቁን። ጠሀ በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ ተቀመጥን።

"ምን አጠፋብህ ይሄ ልጅ?" አሉኝ ሀጂ።

"አንድ ቀን ደበቀኝ። ታምሜ ነበር ብሎ ሌላ ከተማ ሄዷል።"

"እዚያ ምን ሠራ?"

"አጋዘን አየሁ ይላል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳል አስመስለው ሳቃቸውን ዋጡ። ሀጂ ግን አልሳቁም። "ጠሀ ልጄ" አሉት፣ "ይሄ ጢም በፀሐይ የነጣ ይመስልሃል? ስንት ሽርክና አስታርቀናል። ሰው ይሳሳታል። ለብቻው ይገዛል፣ ለብቻው ይሸጣል፣ ኋላ ይጸጸታል፣ እኛም እንገባና ይክሳል፣ ያልፋል። መድኃኒት አለው። አጋዘን ግን መድኃኒት የለውም። እውነቱን ካልተናገርክ በምን እናስታርቅህ?"

"እውነቱን ነው የነገርኳችሁ ሀጂ። ለማየት ነው የሄድኩት" አለ ጠሀ።

"እንግዲያው ሱቁ ለሁለት ይከፈል" አሉ ሀጂ፣ ተነስተው ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ። "ከዛሬ ጀምሮ ተለያዩ። ልጆቻችሁም ይወቁት።"

ጠሀ ወደ እኔ አየ። እኔ ዓይኔን ወደ ጋቢው ክምር መለስኩ።

"እሺ" አለ በመጨረሻ። "ዕቃ ነበር።"

"ምን ዕቃ?"

"ሞተር። ለብቻዬ ገዝቼ በጋራ ኮንቴይነራችን አስገባሁት። ለባህሩ ሳልነግር ሸጥኩት።"

"አልሀምዱሊላህ!" አሉ ሦስቱም ባንድ ድምፅ። ሀጂ ተመልሰው ቁጭ አሉ፣ ፊታቸው በራ። "ይኸው! እንዲህ አትልም ነበር ከመጀመሪያው?" የቀሩት ሁለቱ ወዲያውኑ ስለ ካሳው መነጋገር ጀመሩ። ማል እንኳ አላሉትም፤ ጥፋቱን የሚያምን ሰው መሐላ አይጠየቅም።

እኔ ግን ቀዘቀዝኩ። ያን ኮንቴይነር ያራገፍኩት እኔ ነኝ። ጠሀ ያን ሳምንት እናቱ ሞተው አገር ቤት ለቅሶ ላይ ነበር። ከመጀመሪያው ሞተር እስከ መጨረሻው ብሎን በእጄ አልፏል፤ አንድም ትርፍ ዕቃ አልነበረም። ይሄ ሰው ያልሰረቀውን ሰረቅሁ እያለ ነው። ለምን? ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሌባን ስለሆነ! እኔን ላለማጣት ሲል ነዋ! ያኔ አመንኩት። አጋዘኗን አመንኩ፣ ባዶ እጁን አመንኩ፣ ለቅሶውን አመንኩ፤ አንጀቴን በላው።

ብድግ አልኩ። "ውሸቱን ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ሀጂ፣ አልሰረቀም! ኮንቴይነሩን እኔ ነኝ ያራገፍኩት! አጋዘን ነው ያየው፣ ወላሂ አጋዘን ነው!"

ሽማግሌዎቹ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሀጂ አብደላ ቀስ ብለው ተነሱና ግንባሬን ሳሙኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"አያችሁ ልብ?" አሉ። "ሰውየው ራሱ አምኖ፣ ይሄ ገመናውን ሊሸፍንለት ይሟገታል። አላህ የእንዲህ ያለውን ያብዛልን።"

"ሀጂ፣ ስሙኝ እንጂ..."

"በቃ ልጄ፣ ሰምተናል። ተቃቀፉ።"

ጠሀ መጥቶ አቀፈኝ። "ተው ባህሩ፣ ዝም በል" አለኝ በጆሮዬ። "ይኸው ታረቅን አይደል?" ሀጂ ዱዓ አደረጉልን፤ ስንጨርስ ደግሞ ከእንግዲህ ሁለታችንም ናራ የሚባል ቦታ እንዳንረግጥ ቃል አስገቡን።

ይህን ታሪክ ለፉርቃን ነግሬዋለሁ፣ ለሰዓደት ነግሬያታለሁ፣ ሻይ ቤት ለተቀመጠ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሁሉም ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ሶማሌ ተራ ውስጥ ጠሀ ተጸጽቶ ተውበት ያደረገ ሌባ ነው፤ እኔ ደግሞ ደግ ሰው ነኝ።